መርጫችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ መዝገቡም ይከፈት!

ለፎገራ፣ ለሊቦ ከምከምና ለደራ የሽንኩርትና የቲማቲም አምራቾች፤ መሬት ላላችሁም፣ በእኩል ለምታርሱም፣ በቀን ሥራ ለምትረጩም፦

ሩዙ ታጭዷል። ነዶው ከአውድማ ሳይነሣ የሽንኩርቱ ችግኝ መደብ ላይ ብቅ ብሏል። የውሃ ፓምፕ ያለው አስጠግኗል፣ የሌለው ለኪራይ ቀብድ ከፍሏል። የነዳጁ፣ የማዳበሪያው፣ የቀን ሠራተኛው ሒሳብ በየቤቱ ተሠርቶ አልቋል። ከዚህ ሁሉ ዝግጅት ውስጥ ማንም ያላስታወሰው አንድ ዕቃ አለ፤ አምና ሚያዝያ ላይ የመጨረሻው ርጭት ሲያልቅ ከጎተራው ሥር የተወረወረው መርጫ። ታንኩ ውስጥ የቀረው ኬሚካል ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል፣ ጎማው ተሰነጣጥቋል፣ ማንገቻውን አይጥ በልቶታል። የሽንኩርቱ ተባይ ትሪፕስ መጀመሪያ የታየ ቀን መርጫው ከነአቧራው ይወጣል፤ ውሃ ይሞላበታል፤ ያው በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ይሰቀላል።

ዘንድሮ እንዲህ እንዳይሆን ነው ይህ ጥሪ። የምንጠይቀው አንድ ቀን ነው። ችግኙ ወደ ማሳ ከመዛወሩ በፊት በየጎጡ አንድ ቀን ይቆረጥ፤ ያለን መርጫ ሁሉ፣ የሚሠራውም የማይሠራውም፣ ወደ አንድ ሜዳ ይውጣ። በንጹህ ውሃ እንሙላው፣ እንፈትሸው፣ የተበላሸውን እንጠግነው፣ የማይጠገነውን እናስወግደው። በዚያው ቀን አንድ መዝገብ እንክፈት። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን፣ ስንት እንደረጨ የሚጻፍበት መዝገብ።

ይህን ለማድረግ የሚያንሰን ነገር የለም። ጣና ላይ እንቦጭ ሲንሰራፋ ማሽን እስኪመጣ አልጠበቅንም። ከናበጋ እስከ ሺናና ዋገጠራ ድረስ ያለው ሰው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፤ ከሩቅ የመጣውም አብሮን ነቅሏል። ያንን ያህል ጉልበት ያወጣ ሕዝብ የገዛ መርጫውን ክዳን ለማጥበቅ ይሰንፋል ብሎ የሚያስብ ካለ እኔ አላምነውም። የጎደለን ጉልበት አይደለም፤ ነገሩን የጋራ ጉዳይ አድርገን አለመያዛችን ነው። መርጫ የግል ዕቃ ነው፣ ኬሚካል የግል ወጪ ነው፣ የሚረጨው ሰው ጤናም የራሱ ጉዳይ ነው ብለን ተቀምጠናል።

እንዴት የራሱ ጉዳይ እንዳልሆነ ላሳያችሁ። ባለፈው የካቲት ከጉማራ ድልድይ ብዙ ሳይርቅ አንድ ጎረምሳ ሽንኩርት ሲረጭ ቆሜ አየሁ። የታንኩ ክዳን ጎሚኒው ጠፍቶ በፌስታል ተጠቅጥቋል። ልጁ በተራመደ ቁጥር በፌስታሉ ዳር ጠብ ይላል፤ ሸሚዙ ከትከሻው እስከ ወገቡ ርሷል፣ ሱሪው ከኋላ ተለጥፎበታል። የፓምፑ እጀታ የተያዘው በሚስማር ነው። ጥቂት እንደሄደ ኖዝሉ ተደፈነበት። ፈታው፣ ወደ አፉ አስጠጋው፣ እፍ አለበት፣ እንትፍ ብሎ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ወደ ባለማሳው ዞሮ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይፈሳል እኮ!» አለ። «በርታ ልጄ፣ ሁለት ታንክ ናት የቀረችው» አሉት። ክፉ ሰው አይደሉም። በማግስቱ ያንኑ መርጫ ራሳቸው ተሸክመውት አይቻለሁ።

ብዙዎቻችን መርዝ የሚገባው በአፍና በአፍንጫ ብቻ ይመስለናል። አፉን በነጠላ የጠቀለለ ሰው ተጠነቀቀ ይባላል። ለሚረጭ ሰው ግን ዋናው የመርዝ በር ቆዳው ነው፤ ያውም ሁሉም ቆዳ እኩል አይደለም። የብሽሽት አካባቢ ቆዳ ከክንድ ቆዳ እጅግ ፈጥኖ ያስገባል። ክዳኑ የሚያፈስ መርጫ ደግሞ የሚያፈሰው በጀርባ አድርጎ ወደዚያው ነው። ማታ ራሱን የሚያዞረው፣ ምራቁ የሚበዛበት፣ ዓይኑ የሚፈዝበት ልጅ «ፀሐይ መታኝ» እያለ የሚተኛው ለዚህ ነው። ያ ሁሉ የሆነው ደግሞ በአንዲት የጎማ ቀለበት ምክንያት ነው።

ስለ ጤና ሲነገር «እሱስ እውነት ነው» ብሎ የሚያልፍ ብዙ ነው። ስለዚህ ወደ ኪሳችን ልውሰደው፤ ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ከፈለጋችሁ ልጆቻችሁ ይሥሩላችሁ።

በመለያው ላይ በሄክታር 1 ሊትር የሚል መድኃኒት ገዛን እንበል። ጤነኛ ኖዝል ባለው መርጫ፣ በደህና እርምጃ፣ ሄክታሩን በ250 ሊትር ውሃ ብንሸፍን በየሊትሩ ውሃ 4 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ይገባል ማለት ነው። 16 ሊትር ለሚይዝ ታንክ 64 ሚሊ ሊትር። አንድ ጥማድ የሄክታር ሩብ ነውና በአራት ታንክ ግድም ያልቃል። አሁን ኖዝሉ አርጅቷል፤ በእሾህ፣ በሽቦ፣ በመርፌ ሲጎረጎር ቀዳዳው ሰፍቷል። በዚያው እርምጃ ብንሄድ ሄክታሩ 310 ሊትር ይጠጣል። በአንድ ታንክ የምንጨምረው መድኃኒት ግን ያው 64 ነው፤ ማንም ስለ ኖዝሉ ብሎ አይቀንስም። ስለዚህ ጥማዱ አምስተኛ ታንክ ይጠይቃል። በአንድ ወቅት ስምንት ጊዜ የሚረጭ ሰው ከአንድ ጥማድ ብቻ ወደ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ መድኃኒት ያለ ጥቅም አፈሰሰ። የአራት ጥማድ ባለቤት የራሱን ያባዛው። የመድኃኒቱን የዘንድሮ ዋጋ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ጉዳቱ በዚህም አያበቃም። ቀዳዳው የሰፋ ኖዝል ጠብታው ትልቅ ነው። ትሪፕስ የሚኖረው በሽንኩርቱ እምብርት፣ ቅጠሎቹ በሚገናኙበት ጠባብ ስፍራ ነው፤ የሽንኩርት ቅጠል ደግሞ ሰም አለው፣ ትልቅ ጠብታ ተንከባሎ መሬት ይወርዳል። አንዱ ጎን ይጥለቀለቃል፣ ሌላው ጎን ደረቅ ይቀራል። ተባዩ አይሞትም፣ እኛ «መድኃኒቱ ውሃ ነው፣ አጭበርብረውናል» እንላለን፣ በሦስተኛው ቀን ደግመን እንረጫለን። አጭበርባሪ ነጋዴ የለም አልልም፣ አለ። ነገር ግን ሱቁን ከመውቀሳችን በፊት ኖዝላችንን እንለካ።

መለካቱ ልዩ ዕውቀት አይፈልግም። በመርጫ ቀናችን ታንኩን እስከ ግማሽ በንጹህ ውሃ እንሞላለን፣ ግፊት እስኪይዝ እንመታለን፣ ኖዝሉን ጆግ ውስጥ አድርገን ለአንድ ደቂቃ እንከፍታለን። ሰዓት የያዘ አንድ ተማሪ ይበቃል። ያው ዓይነት አዲስ ኖዝል በደቂቃ 600 ሚሊ ሊትር የሚሰጥ ከሆነና የእኛው 660 ካለፈ፣ ማለትም ከአሥር በመቶ በላይ ከጨመረ፣ ይጣል። ጨርሶ አይታዘንለት። የናስ ኖዝል በተለይ ቶሎ ይበላል፤ የሴራሚክና የማይዝግ ብረት ይቆያል። ስንገዛ ይህን እንጠይቅ።

ከዚያ አሥር በአሥር ሜትር በገመድ እንከልልና እያንዳንዱ ረጪ በራሱ እርምጃ፣ በራሱ መርጫ ይርጨው። ስንት ሊትር እንደጨረሰ ተለክቶ በመቶ ሲባዛ የሄክታሩ ይገኛል። ይህ ነገር የሰው ልክ ነው፤ ባለ ረጅም እግሩ ጎረምሳና ቀስ ብለው የሚሄዱት አባወራ አንድ ዓይነት መርጫ ይዘው እኩል አያወጡም። ለዚህ ነው «ጎረቤቴ በአንድ ታንክ ሁለት ክዳን ይጨምራል፣ እኔም ሁለት» የሚለው አሠራር የማያዋጣን። የምን ክዳን? የሀይላንድ ክዳን? የጠርሙሱ ክዳን? በሚሊ ሊትር የተከፋፈለ መለኪያ ስኒ በየጎጡ አንድ እንኳ ይኑር። ለወጥ የማይገባ፣ ከጓዳ ውጭ የሚቀመጥ።

ፍተሻው ራሱ ዓይን ብቻ ይፈልጋል። ውሃ የሞላውን መርጫ በጎኑ ማስተኛት ነው፤ ክዳኑ ካንጠባጠበ ጎሚኒው ይቀየራል። መክፈቻው ሲዘጋ ኖዝሉ ጠብ ጠብ ካለ ውስጡ ያለው ቫልቭ ቆሽሿል ወይም አርጅቷል። ጎማው ከታንኩና ከዘንጉ የሚገናኝበት ቦታ በላስቲክ ከታሰረ ማሰሪያው ይፈታና ትክክለኛው ክላምፕ ይግባ። ማንገቻው ሁለቱም ወገን እኩል ይሁን፤ በአንድ ትከሻ የተንጠለጠለ ታንክ ሲዘም ይፈሳል። በታንኩ አፍ ላይ ያለችውን ወንፊት ደግሞ ብዙዎቻችን አውጥተን ጥለናታል፣ ውሃ ቶሎ አታስገባም ብለን። እሷ ከሌለች የጉማራ ደለል ቀጥታ ኖዝል ይደፍናል። ኖዝል የሚደፈንበት ሰው አፉን ያስጠጋል። ስለዚህ ወንፊቷ ትመለስ፤ ለኖዝሉ ደግሞ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ በማንገቻው ላይ ይታሰርለት።

አንድ ነገር ላይ ጠንከር ልበል፤ በየዓመቱ ሰው የሚያጣላ ጉዳይ ስለሆነ። ለሩዝ፣ ለጤፍና ለበቆሎ አረም ቱፎርዲ የረጨንበት መርጫ ለቲማቲም፣ ለሽምብራ፣ ለጓያ አይውጣ። በውሃ አለቅልቀነዋል ማለት ታጥቧል ማለት አይደለም። ቱፎርዲ በጎማውና በታንኩ ግድግዳ ተለጥፎ ይቆያል፤ ቲማቲም ደግሞ ለእሱ እጅግ ስስ ነው፣ ጥቂት ቅሪት ይበቃዋል። ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ጫፉ ይጠማዘዛል። ባለማሳው «በሽታ ገባብኝ» ብሎ ሌላ መድኃኒት ይገዛል፤ መርጫውን ያዋሰው ጎረቤት ምንም አያውቅም፣ የተዋሰውም አልጠየቀም። በየጎጣችን ለአረም ማጥፊያ ብቻ የሚሆኑ መርጫዎች ይለዩ፣ ታንካቸው ላይ ቀይ ቀለም ይቀባ። ቀይ ያለበትን መርጫ ለቲማቲም የሚያውስም የሚዋስም እንዳይኖር በእድራችን ደንብ ይግባ።

ማጠቢያውስ የት ነው? ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ወንዙ ነው። በበጋ፣ ርብና ጉማራ ቀጥነው በሚወርዱበት ጊዜ፣ ታንካችንን ዳር ላይ ገልብጠን እናጥባለን። ከታች ከብት ይጠጣል፣ ሴት ልጅ ጄሪካን ትሞላለች። ዓሣውም የእኛው ነው፤ በክረምት ከጣና ወደ እነዚሁ ወንዞች ሽቅብ የሚወጣው እንቁላሉን ሊጥል ነው። መርጫ የሚታጠበው እዚያው የተረጨው ማሳ ውስጥ ነው። ሦስት ጊዜ በጥቂት ጥቂት ውሃ አለቅልቆ፣ በኖዝሉ አሳልፎ፣ ማለቅለቂያውን በሰብሉ ላይ መርጨት። የጠርሙሱም እንዲሁ፤ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ ውሃው ወደ ታንኩ ይመለስ፣ ጠርሙሱ ይበሳ። ያልተበሳ ጠርሙስ ነገ ዘይት ወይም አረቄ ይያዝበታል።

አሁን ወደ መዝገቡ።

«እኛ ገበሬዎች ነን፣ መዝገብ የጸሐፊ ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። እንዴ! የእድራችንን መዝገብ ማን ያዘው? በወሩ ያልከፈለ፣ በቀብር ያልተገኘ፣ ድንኳን ሲተከል የቀረ ሁሉ ተጽፎበት የለም? እቁብ ያለ መዝገብ ውሎ ያድራል? ማኅበሩ የማን ተራ እንደሆነ ከዓመት ዓመት የሚያውቀው በምን ሆነና? በዚህ አገር መዝገብ ያዥ ሕዝብ ከተባለ የመጀመሪያው እኛ ነን። የሞተውን ለመቅበር ይህን ያህል ከጻፍን፣ ያለውን ለማትረፍ አንድ መስመር መጻፍ አያቅተንም።

አንድ መስመር ነው የምለው። ይህን ይመስላል፦ ጥር 12፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ሁለት ጥማድ ሽንኩርት፤ ለትሪፕስ፤ የመድኃኒቱ የንግድ ስምና የውስጡ ንጥረ ነገር፤ በታንክ 64 ሚሊ ሊትር፣ 8 ታንክ፤ ነፋስ ቀላል፤ የረጨው እገሌ፤ በመለያው መሠረት መሰብሰብ የሚቻለው ከዚህ ቀን ወዲያ። አለቀ።

ከዚህ ውስጥ «የውስጡ ንጥረ ነገር» የሚለውን አትዝለሉት። ሱቅ ላይ በአራት ስም፣ በአራት ሥዕል የተደረደረው መድኃኒት ገልብጣችሁ ትንንሹን ጽሑፍ ስታነቡት አንድ ሆኖ ይገኛል። ካራቴ ብለን የምናውቀው ውስጡ ላምዳ ሳይሃሎትሪን ነው፤ ያው ላምዳ በሌላ ብዙ ስም ይሸጣል። «ዘንድሮ ቀያየርኩ» የሚል ሰው ከስም ወደ ስም ተሸጋገረ እንጂ ተባዩን አንዱኑ መርዝ ደጋግሞ አቀመሰው። ደጋግሞ የቀመሰ ተባይ ይለምዳል፤ ደካማው ይሞትና የተረፈው ይራባል። ቱታ አብሶሉታ የተባለችው የቲማቲም ተባይ በ2004 ዓ.ም. አገራችን ከገባች ወዲህ ቲማቲም አምራቹ ያየው መከራ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በብራዚልና በጣሊያን ጠንካራ የተባሉ አዳዲስ መድኃኒቶች ሳይቀሩ እሷን መግደል እስኪያቅታቸው ደርሰዋል። በብዙ መለያዎች ላይ የመድኃኒቱ ምድብ በቁጥር ይጻፋል፤ ያንን ቁጥር መዝግባችሁ በሚቀጥለው ርጭት ሌላ ቁጥር ምረጡ። ይህን ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ቢያደርገው ዋጋ የለውም። የእኔ ማሳ ትሪፕስ የጎረቤቴ ማሳ ትሪፕስ ነው፤ ድንበር አያውቅም። ጎጡ በአንድ መዝገብ ሲጽፍ ነው ማን ምን እየደጋገመ እንዳለ የሚታየው።

ስለ ተመረዘ ሰውም አስቡ። አንድ ልጅ አረፋ እየደፈቀ፣ የዓይኑ ብሌን ጠቦ፣ ጡንቻው እየተንቀጠቀጠ ወረታ ጤና ጣቢያ ደረሰ። የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ረጭቶ ነው?» ነው። ኦርጋኖፎስፌት ከሆነ አትሮፒን ይሰጠዋል፤ ፓይሬትሮይድ ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው። «ነጭ ነገር ነው፣ የሚሸት፣ በሀይላንድ የገዛነው» ለሐኪም መልስ አይሆንም። መዝገቡ ካለ ስልክ ተደውሎ ይነበባል።

ከእኛ ማሳ ራቅ ያለ ግን ለሁላችን ትምህርት የሚሆን ነገር ላንሣ። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ውስጥ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች። ጃፓን ያኔ ከትልልቆቹ የቡናችን ገዢዎች አንዷ ነበረች፤ ግዢው ወዲያው ቆረቆዘ። ቡናውን የለቀመው ገበሬ ኬሚካል የሚባል ነገር በዛፉ አጠገብ አላሳለፈም። በኋላ ጣቱ የተቀሰረው በጆንያው ላይ ነው። ነገር ግን ንጹሑ ገበሬ ንጹሕነቱን የሚያሳይበት አንድ ወረቀት አልነበረውም፤ ጆንያው ከየት ተነሥቶ በምን እንዳለፈ የሚናገር ሰነድም በቶሎ አልተገኘም። ሽንኩርታችን ዛሬ የሚሄደው ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር ነው፤ ማንም ወረቀት አይጠይቀንም። ነገ ግን ሆቴሉ ይጠይቃል፣ የዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ይጠይቃል፣ የገዛ ልጃችን ይጠይቃል። ባቱ አካባቢ ያሉት የአበባ እርሻዎች እያንዳንዷን ርጭት መመዝገብ የጀመሩት ገዢው ስለጠየቃቸው ነው። እኛ ሳንጠየቅ ብንጀምር ምን አለበት?

ያልተጻፈ ኬሚካል ምን እንደሚያመጣ አገራችን በትልቁ አይታዋለች። በየመጋዘኑ ለአሥርተ ዓመታት ተከማችቶ ጊዜው ያለፈበት፣ በርሜሉ የሚያፈስ፣ ብዙው መለያው የጠፋ መድኃኒት ከ1,000 ቶን በላይ በመርከብ ተጭኖ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ነው የተቃጠለው። በየቤታችን ጣራ ሥር ያለችው ጠርሙስ ከዚያ የምትለየው በመጠን ብቻ ነው።

ሕጉም አለ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይገባ፣ እንዳይሸጥ፣ ጥቅም ላይ እንዳይውል ይከለክላል። እኔ ግን በአዋጅ ላስፈራራችሁ አልመጣሁም፤ አዋጅ ጎሚኒ አይቀይርም።

እዚህ ላይ በሹክሹክታ የሚባለውን በግልጽ ልመልስ። «መዝገብ ከተያዘ ቀበሌ ያየዋል፣ ግብር ይጨመርብናል፣ ነገ መክሰሻ ይሆናል።» ስጋቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ የሚናቅ አይደለም። መልሱ መዝገቡ የእኛ መሆኑ ነው። የሚቀመጠው በእድሩ ወይም በመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበሩ ሣጥን ነው፤ ያለ አባላቱ ፈቃድ አይወጣም። የምርት መጠን አይጻፍበትም፣ ዋጋ አይጻፍበትም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሊያይ ከፈለገ መጥቶ አብሮን ተቀምጦ ይይ፣ ምክሩንም እዚያው ይስጥ።

«አልጻፍኩም፣ አላነበብኩም» ለሚሉ አባቶች ደግሞ ቤታቸው ውስጥ ስድስተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ አለች። እሷ ትጽፋለች። መለያውንም ታነባለች፤ ምናልባት በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነበብ መለያ ይሆናል።

ሥራውን እንከፋፈል። የእድር ዳኞች፣ ቀኑን ቁረጡ፤ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጁምዓ በኋላ ይነገር። በእጃቸው ብልሃት ያላቸው፣ የውሃ ፓምፕ የሚጠግኑ ወጣቶች፣ እናንተ ለዚህ ሥራ ተፈልጋችኋል፤ ግራሶ፣ ቴፍሎን፣ ፒንሳ ይዛችሁ ኑ። ድካማችሁ በነጻ አይሁን፤ ከእያንዳንዱ መርጫ ባለቤት የሚሰበሰብ መዋጮ የእናንተን ውሎና የመለዋወጫውን ሣጥን ይሸፍናል። ሣጥኑ ውስጥ የክዳን ጎሚኒ፣ ኦሪንግ፣ ኖዝል፣ ክላምፕ ይኑር፤ ዓመቱን ሙሉ አይጉደል። የመድኃኒት ሱቅ ባለቤቶች፣ ኬሚካል ብቻ አትሸጡልን፤ ከመደርደሪያችሁ አንዷን ለመለዋወጫና ለጓንት ስጡልን፤ በሀይላንድ እየገለበጣችሁ መሸጡንም ተዉልን። የጎጣችን ሰው በሀይላንድ የተቀዳ መድኃኒት ከመግዛት ይከልከል፤ ገዢ ያጣ ነገር ይቀራል።

እናቶችና እኅቶች፣ ይህ የወንዶች ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳትቀሩ። በተረጨ ማሳ በማግስቱ ጎንበስ ብላችሁ የምታርሙት እናንተ ናችሁ፤ የረጠበውን ሸሚዝ ከልጆች ልብስ ጋር የምታጥቡት እናንተ ናችሁ። «ይህ ማሳ መቼ ተረጨ?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ መልሱ ከመዝገቡ ይነበብላችሁ፣ በመለያው የተባለው ጊዜ ሳይሞላ አትግቡ። የርጭት ልብስ ለብቻው ይታጠብ፤ ከተቻለ ራሱ የለበሰው ይጠበው።

በቀን ሥራ የምትረጩ ልጆች፣ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። የሚያፈስ መርጫ አትሸከሙ። ብቻችሁን እምቢ ብትሉ ሌላ ይቀጠራል፤ ሁላችሁም እምቢ ካላችሁ መርጫው ይጠገናል። ባለማሳዎችም ይህን የሰማችሁ እንደ ድፍረት አትቁጠሩት። ነገ ከእናንተው ልጆች አንዱ የሌላ ሰው ማሳ ላይ ያንኑ ታንክ ይሸከማል።

ኅዳር ሳይወጣ ቀኑ ይቆረጥ። መርጫው ማሳ ውስጥ ታጥቦ፣ ባዶ ሆኖ ይምጣ። የተረፈ መድኃኒት ያለው ጠርሙሱን እቤት ዘግቶ ስሙን ብቻ በወረቀት ጽፎ ያምጣ። አንድ ጆግ፣ አንድ ሰዓት፣ አሥር ሜትር ገመድና አንድ ባለ ደንዳና ሽፋን ደብተር ከእያንዳንዱ ጎጥ ይዋጣ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የመርጫዎቹ ዝርዝር ከነባለቤቶቻቸው ይጻፍ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ የዘንድሮው የመጀመሪያ ርጭት። ጎረቤታችሁ ካልሰማ ዛሬ ማታ ንገሩት።